አረቄ የሚጠጣው መኪናዬ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ውሸት ነው እንዳልል ተረቱን ፈራሁ፤ የእኔ ስም ግን ከአረቄ ቤት ደጅ አላልፍ ብሎ ነበር። እናንተዬ፣ ሐዋሳ ውስጥ ሰው ከሚናገረው ይልቅ የሚገዛው ይታመናል። ጀሪካን ይዘህ አረቄ ቤት ከገባህ አለቀልህ። ጴንጤ ከሆንክማ ሁለቴ አለቀልህ።

በደርግ ጊዜ ነው። ቱርቦ ያለው የጭነት መኪና እነዳ ነበር። ቱርቦ አየሩን ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ ይልካል፤ ጉልበት ይሰጣል፣ ግን አየሩን ያግለዋል። ሲሚንቶ ጭኜ የሀገረ ሰላምን ዳገት ስያያዘው ሞተሩ እንደ ተቆጣ ሰው ይጦፋል። አንድ የውጭ አገር መካኒክ፣ «ውሃና ሜታኖል የሚባል አልኮል ቀላቅለህ በሚገባው አየር ላይ እርጭበት፣ ያበርደዋል» ብሎኝ ነበር። ሜታኖል ከየት ይምጣ? ቢገኝስ ዓይን የሚያጠፋ መርዝ አይደል! በምትኩ ደረቅ አረቄ በውሃ በጠበጥኩ። የመስተዋት ማጠቢያውን ፓምፕ ነቅዬ፣ ጋቢና ካስቀመጥኩት ጀሪካን ወደ ሞተሩ በቀጭን ቱቦ አገናኘሁት። መኪናው እየዘመረ ወጣ።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቻችን ግን አልዘመሩም። ደርግ ሕንጻችንን አሽጎት፣ በአለቃቸው በአቶ ዳንጊሶ ቤት ተደብቀን እንጸልይ ነበር።

«አረቄውን ተው፣ አለዚያ ከመካከላችን ውጣ» አሉኝ አቶ ዳንጊሶ።

«የሚጠጣው እኮ መኪናው ነው።»

«ደግሞ መኪና ይጠጣል?»

«አልተውም፤ አልወጣምም። ነገ አብረውኝ ይሂዱና በዓይንዎ ይዩ!»

መጡ። ዳገቱን ስንጋልበው «ጉድ ነው!» አሉ። ይህን ብለው ሳይጨርሱ ቱቦው ተነቀለና አረቄው ከደረታቸው እስከ ጉልበታቸው አራሳቸው። ሳይደርቁ ኬላ ደረስን። በዚያ ሰሞን አብዮት ጠባቂዎች የጴንጤ መሪዎችን ይለቅሙ ነበር። አንዱ ጠባቂ ጭንቅላቱን አስገባና አፍንጫውን ያዘ።

«አባባ፣ በጠዋቱ? እኛ የምንፈልገው ጴንጤ ነው፤ ሰካራም አይደለም። እለፉ!»

ማርሽ አስገባሁ። አቶ ዳንጊሶ ግን በሩን ከፍተው ወረዱ።

«ልጄ፣ እኔ አረቄ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ጴንጤ ነኝ።»

ጠባቂዎቹ ተያዩ። ከዚያ በሳቅ ፈረሱ።

«ሰካራም ሁሉ አልጠጣሁም ይላል» አለና ያ ጠባቂ ደግፎ ጋቢና መለሳቸው። «ሾፌር፣ ደህና አድርገህ ያዛቸው፤ እንዳይወድቁ።»

«መልሰኝ!» አሉኝ ዳሽቦርዱን በቡጢ እየመቱ። «ልጁ አልሰማኝም፤ ደግሜ ልንገረው!»

እኔ ደግሞ ነዳጁን ረገጥኩት።