ይዞራል እንጂ አይሞቅም

ወንድ ልጅ «ራሴ እሠራዋለሁ» ካለ በኋላ የሚያድነው የለም። እኔ ደግሞ ያልኩት አማቴ ፊት ነው።

አማቴ ወይዘሮ በለጡ ከአዲስ አበባ አሜሪካ፣ ሲያትል አጠገብ ሬንተን፣ እኛ ቤት፣ በመጡ ማግስት ቤቱን አስጎበኘኋቸው። ምድጃው በኤሌክትሪክ፣ የልብስ ማድረቂያው በጋዝ እንደሚሠራ ነገርኳቸው። «በጋዝ?» ብለው ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አዩት። አድናቆት መሰለኝ።

በዚያው ሳምንት ማድረቂያው ማሞቅ ተወ። መዞሩን ይዞራል፤ ልብሱ ግን እንደገባ ይወጣል። ደጅ እንዳይሰጣ የሲያትል ዝናብ መች ፋታ ይሰጣል? ባለቤቴ ፌደራል ዌይ ከተማ አረጋውያን ትንከባከባለች፤ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ዩኒፎርም ለብሳ ትወጣለች። «ሰው ጥራ» አለችኝ። አማቴ አዩኝ። ያቺን ቃል ተናገርኩ።

ቪዲዮ ከፈትኩ። ሰውየው መጀመሪያ ጋዙ ክፍት መሆኑን እዩ ይላል። ይሄማ ለጀማሪ ነው ብዬ አሳለፍኩት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? እኔ ከመሃሉ ጀመርኩ። የአየር መውጫውን ቱቦ ፈታሁ። ትራስ የሚሞላ የጨርቅ ብናኝ ወጣ፤ ሙቀት ግን አልመጣም።

ስካይዌይ ሰፈር ሱቅ ያለውን ከድርን ጠራሁ። ከድር ከፍሪጅ እስከ ትዳር የማይጠግነው የለም። ተንበርክኮ አጮለቀ። «ሶ፣ ማቀጣጠያው ግሎ ይቀላል፣ ግን እሳት አይዝም። ቼንጅ እናድርገው» አለ። ቀየርነው። አዲሱም ቀልቶ ጠፋ። ልጄ ከሶፋው ሳትነሳ «ዳድ፣ ጀስት ኮል ሳምዋን» ብላ የእናቷን «ሰው ጥራ» ደገመችልኝ። አማቴ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ያን ቀን ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ የወደቀብኝን ብሎን ፍለጋ ከማሽኑ ጀርባ በባትሪ ሳይ፣ የጋዙ ቫልቭ ቢጫ እጀታ ተዘግቷል።

«ማነው የዘጋው?» አልኩ።

«እኔ ነኛ» አሉ አማቴ፣ ካልሲ እያጣጠፉ። «ቡታጋዝ ተከፍቶ ይታደራል እንዴ? የመጣሁ ሰሞን ክፍቱን አግኝቼ ዘጋሁት። ለሚስትህ ትንፍሽ አላልኩም፣ ዝርክርክ ነው እንዳትልህ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ባየው ዝግ ነው። ጎሽ ልጄ፣ መዝጋት ለመደ ብዬ ደስ ብሎኛል።»

እጀታውን ከፈትኩት። ማሽኑ ወዲያው ሞቀ።

ባለቤቴ ከሥራ ስትገባ ምኑ እንደነበር ጠየቀችኝ። አማቴ ወደ ካልሲያቸው አጎነበሱ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ገመናዬን የሸፈኑ ሴት ናቸው። «ቫልቩ ነበር» አልኩ። ውሸት አይደለም።

እሷ በኩራት ላገኘችው ሁሉ አወራች። አሁን ከሬንተን እስከ ፌደራል ዌይ፣ ማድረቂያ እምቢ ያለው ሐበሻ ሁሉ ኮል ያደርግልኛል። መፍቻዬን ከማንሳቴ በፊት አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ «አማት መጥተዋል?»