የኦቦ ጃርሶ ፊልትሮ

በመኪና የሚቀና ሰው ታውቁ ይሆናል። እኔ ግን የምቀናው በአየር ፊልትሮ ነው። ጎረቤቴ ኦቦ ጃርሶ ከሞያሌ ያመጡት ፊልትሮ እየታጠበ ዘይት ይቀባል። እሳቸው እሑድ እሑድ እንደ ሕፃን ልብስ አጥር ላይ ሲያሰጡት፣ እኔ ደረቁን የወረቀት ፊልትሮዬን ድንጋይ ላይ እየደበደብኩ አቧራ እቅማለሁ። የነገሌ አቧራ ደግሞ አንዴ ሲራገፍ ለሦስት ቀበሌ ይተርፋል።

አንድ እሑድ ቅናቱ ጠናብኝ። ዘይት የበዛበት ፊልትሮ ሞተር እንደሚያፍን እያወቅኩ፣ «ኦቦ፣ ዘይቱ አላነሰውም?» አልኳቸው።

«እውነትህን ነው» አሉና እስኪንጠባጠብ አጠጡት።

በማግስቱ ወደ ዶሎ ኦዶ ሲወጡ ተከተልኳቸው። ለምን አትሉኝም? ሲቆሙ ክላክስ አድርጌ ላልፋቸው ነዋ! እውነትም መኪናቸው ትን ብሎት መንገድ ዳር ቆሟል። ክላክሱን ልጫን ስል የእኔም መኪና በአቧራ ታፍኖ አጠገባቸው ቀጥ አለ።

«አካም፣ ናጋ ነህ ወይ?» አሉኝ እየሳቁ። ከወንበራቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ አዲስ ፊልትሮ አወጡ። «ዓይንህ ከእኔ ፊልትሮ ስለማይነቀል ላንተም አንድ አስመጣሁ። ዘይቱንም እንደመከርከኝ እስኪንጠባጠብ አጠጥቼልሃለሁ።»

ምን ይባላል? «ያክብርልኝ፤ ቅደሙ፣ እደርሳለሁ» አልኩ።

እሳቸው ለክፉ ቀን ያኖሩትን ደረቅ ፊልትሮ ገጠሙና ክላክስ አድርገውልኝ አለፉ። እኔ ዘይት የሚንጠባጠበውን ስጦታዬን ታቅፌ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በደረቅ ፊልትሮ ቀናሁ።