ጋሽ ማለዳና ሦስቱ ሰዓቶች

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ሰዓቶቹን ነው። የመኝታ ቤቱ ሰዓት አርባ ደቂቃ ይቀድማል፤ የሳሎኑ ሃያ፣ አባቴ እጁ ላይ የሚያስራት ደግሞ አስር። ሰው ከአልጋው ተነስቶ ወደ በሩ በተጠጋ ቁጥር ወደ እውነት የሚጠጋ ይመስለኝ ነበር።

ሹፌሩ ሳይነቃ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። የእኛ ቤቱ አባቴ ነበር። የሚገርመው ልብስ ሰፊ መሆኑ ነው። “ለቅዳሜ” የተባለውን ሱሪ ረቡዕ ቤት ድረስ ወስዶ ያስረክባል። የሙያ ጓደኞቹ ስም አጠፋብን ብለው አኮረፉት፤ ሰፈሩ ደግሞ ጋሽ ማለዳ የሚል ማዕረግ ሰጠው።

ክቡር ጋሽ ማለዳ አንድ ሠርግ ላይ ከወንበሮቹ ቀድመው ደረሱ። የሙሽራው አጎት ሠራተኛ መስለውት “ፈጠን በል እንጂ!” ብሎ ጮኸባቸው። ፈጠን አሉ። መቶ ወንበር አውርደው ሲያበቁ ኮታቸውን አራግፈው ለበሱና ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ ተሰየሙ። አጎትየው ቀኑን ሙሉ ቀና ብሎ አላያቸውም። ክሊኒክ ሲሄዱም ጥበቃው ሐኪሙ መስለውት በሩን ከፍቶላቸዋል።

እኛን ልጆቹን መናኸሪያ የሚሸኘን ሁለት ሰዓት ቀድሞ ነው። ስናጉረመርም መልሱ አንድ ነው፤ “ጠብቆ የሞተ አላየሁም።”

ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዕለትም እንዲሁ ሆነ። የመናኸሪያው በር ገና አልተከፈተም፤ እሱና እኔ፣ መሃላችን ሻንጣ፣ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሰው እንዳያየን እየሰጋሁ ስልኬ ላይ አቀረቀርኩ። እሱ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ግጥም የሚባለው ነገር ከየት እንደሚጀመር ጠየቀኝ። ግጥም እንደምጽፍ ያውቃል፤ ስለሱ ግን ጠይቆኝ አያውቅም።

“ካየሁት ነገር ነዋ፣ አባዬ” አልኩት፣ ቀና ሳልል።

“እንደ ልብስ ነዋ። መጀመሪያ ሰውየውን በደንብ ማየት ነው።”

የምቀጥል መስሎት ጠበቀ። አልቀጠልኩም።

አባቴ ዓምና አረፈ። የሐኪም ቀጠሮው ሦስት ሰዓት ሲቀረው፣ ጫማውን አስሮ፣ ሳሎን እንደተቀመጠ። እዚህም ቀደመ።

ከአርባው በኋላ ታላቅ ወንድሜ ወንበር ላይ ቆሞ የሳሎኑን ሰዓት ሊያስተካክል እጁን ዘረጋ። እኔም ደገፍኩት፤ ሰውየው በሕይወቱ ከሰዓት በላይ የወደደው ነገር አልነበረም፣ አሁን እንኳ ሰዓቱ ይረፍ ብዬ ቀለድኩ። እናቴ አልሳቀችም።

“ለሰዓት መስሏችሁ ነው?” አለች። “እዚህ ቤት ስድስት ሆናችሁ ስትንጫጩ ለእሱ ወሬ መች ይደርሰው ነበር? መናኸሪያ ላይ ግን እያንዳንዳችሁን ለብቻ ያገኛችኋል። ምን እንደሚጠይቃችሁ ማታውን ሲያስብ ነው የሚያድረው።”

ወንድሜ ከወንበሩ ወረደ። ሰዓቱ ዛሬም ሃያ ደቂቃ ይቀድማል። እኔም ቀጠሮ ሲኖረኝ ቀድሜ እየደረስኩ ከጥበቃዎች ጋር ተዋውቄያለሁ፤ ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዕለት አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት አየሁት። ለስንብት እጁን አንዴ አነሳ፤ ከዚያ ዞሮ መሄድ ጀመረ። ሱቁን ለመክፈት እንደሚሮጥ እርግጠኛ ነበርኩ። አልሮጠም። ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ሰዓቱን አንዴም ሳያይ፣ የትም እንደማይጠበቅ ሰው ቀስ እያለ ሄደ።