የእሸቴ ተራ

ወዳጄ፣ ሰው «አደራ» ሲለኝ መሸሽ ያምረኛል። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ለነገሩ ሥራዬ ራሱ አደራ ነው። እንጅባራ ውስጥ ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ያላት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ውል እጽፋለሁ። የስንቱን ሰው ጓዳ የማውቅ ይመስልሃል?

ታዲያ መንግሥት የግዢ ሕጉን ቀየረና ጨረታ ሁሉ በኮምፒውተር ይሁን አለ። እኔን ብትጠይቀኝ ደግ አደረገ። አንደኛ ገበያዬ ነው። ሁለተኛ፣ በሰም የታሸገ ፖስታ ይዞ ሳጥን ሥር መጋፋት፣ አጎቴ ውስጥ አለ ብሎ መንጠባረር ቀረ። ኮምፒውተር አጎት የለውማ!

ግን ኮምፒውተሩ የማያውቃቸው ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። ጋሽ ይርዳው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው የሚኖሩት፤ ጋሽ እሸቴ ደግሞ ጥሊሊ። ሁለቱም ከቀርከሃ ወንበር ይሠራሉ። ቀርከሃው ሦስት ዓመት ካልሞላው አይቆርጡትም፤ ለጋው በነቀዝ ይበላል። አንዴ አንድ ሙሽራ ወንበር ቶሎ ይሠራልኝ ብሎ ጋሽ ይርዳው ዘንድ ሄደ። ቀርከሃው ገና ነው አሉት። ተናዶ ጥሊሊ ወረደ። ጋሽ እሸቴ ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ፣ ይርዳው ገና ነው ካለ ገና ነው ብለው መለሱት። ልጁ ከትምህርት ቤት በተዋሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ተዳረ።

በጨረታም እንዲሁ ነበሩ። የመሥሪያ ቤት ወንበር ጨረታ ሲወጣ ሁለቱም ይገባሉ። አንዱ ብቻውን ከገባ ጨረታው ይሰረዛል ብለው ስለሚፈሩ፣ ተራው ያልሆነው ዋጋውን ከፍ አድርጎ ያጅባል። ተራው የሆነው ያሸንፋል። ሕጉ ይህን መመሳጠር ይለዋል፤ ያስቀጣልም። እነሱ ተራ ይሉታል። ከሩቅ የሚመጣ ተጫራች ስላልነበረ ማንም አልነካቸውም።

አምና አንድ የፌደራል መሥሪያ ቤት እዚሁ ላለው ቅርንጫፉ የባለጉዳይ መቀመጫ ልግዛ አለ። በአዲሱ መንገድ፣ በኮምፒውተር።

መጀመሪያ ጋሽ ይርዳው መጡ። ከወትሮው እጥፍ የሆነ ዋጋ አስጻፉኝ። በዛ እንዴ ብላቸው፣ ተራው የእሸቴ ነው አሉኝ። ባለቤታቸው ታመው ባሕር ዳር ሐኪም ቀጠሮ እንደሰጣቸው አውቃለሁ። ይህን ሥራ ቢያገኙ ለሕክምናው ይደርስላቸው ነበር። «ጋሼ፣ ዘንድሮ እንኳ ለእርስዎ ቢሆንስ?» አልኳቸው።

«ችግር ተራ አያስዘልልም» አሉ። «ለማንም እንዳትናገር። አደራ።»

በማግስቱ ጋሽ እሸቴ ከጥሊሊ በሚኒባስ መጡ። እሳቸውም እጥፍ ዋጋ! ተራው የእርስዎ አይደለም ወይ አልኳቸው።

«የኔማ ነው። የይርዳው ሚስት ታማለች። ብነግረው እምቢ ይላል፤ ሳያውቅ ያሸንፍ። አደራህን።»

አየህ ጉዱን? ድሮ ቢሆን ሳጥኑ ሥር ይገናኛሉ። አንዱ የሌላውን ፊት ሲያይ ነገሩ ይገባው ነበር። አሁን ሳጥኑ የእኔ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ የሁለቱንም ልብ የማውቀው እኔ ብቻ። የጨረታው መዝጊያ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ስልኬን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። የአንዱን ተጫራች ዋጋ ለሌላው መንገር ወንጀል ነው አልኩ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ አልኩ። እውነቱን ልንገርህ? ፈራሁ። ሰው ምስጢር አይቋጥርም ይለኛል፣ ሱቄ ይዘጋል ብዬ ፈራሁ።

ውጤቱ በታወቀ ቀን ሁለቱም ሱቄ በር ላይ ተገናኙ። ጋሽ ይርዳው ለጋሽ እሸቴ እንኳን ደስ አለህ አሉ። ጋሽ እሸቴም በዚያው ቅጽበት ለጋሽ ይርዳው እንኳን ደስ አለህ አሉ። ሁለቱም እየሳቁ ወደ እኔ ዞሩ። ያሸነፈውን አነበብኩላቸው። ሦስታችንም የማናውቀው፣ ከሩቅ ከተማ የፕላስቲክ ወንበር የሚያመጣ ነጋዴ ነበር።

ከዚያ በአገውኛ ተነጋገሩ። እኔ ያደግሁት ዳንግላ ከተማ ነው፤ አገውኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። የዚያን ቀን ግን ቋንቋውን ማወቅ አላስፈለገኝም። ጋሽ እሸቴ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

«አንተ ታውቅ ነበር?» አሉኝ ጋሽ ይርዳው።

«አደራ ብለውኝ ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

«ብዬሃለሁ። ጎበዝ፣ አደራ ጠባቂ ነህ።»

ስድብ ቢሆን እችለው ነበር።

ባለቤታቸው ከሁለት ወር በኋላ አረፉ። የሐኪሙ ቀጠሮ አልፎ ነበር። ወንበሩ ያድናቸው ነበር አልልም፤ ያንን የሚያውቅ አንድ እግዚአብሔር ነው። ለቀብር ስሄድ ግን ጋሽ ይርዳው አጠገብ ጋሽ እሸቴ ተቀምጠው ነበር፤ እኔ ደፍሬ አልቀረብኩም። አዘንኩ ማለት አይበቃም፤ አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ጨረታ አስጽፈው አያውቁም።

ሱቄማ አልተዘጋም። ያ ልጅ ምስጢር ይቋጥራል ተብዬ ስሜ ከዳንግላ እስከ አዘና ገነነ። ተጫራቹ ከጠዋት ጀምሮ ይኮለኮላል፤ እያንዳንዱ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ አደራ ይለኛል። እኔም ዋጋ ከመጻፌ በፊት እያንዳንዱን አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ተራው የማን ነው እላለሁ። ሁሉም የኔ ነው ይለኛል።

የባልንጀራዬ ነው ያለኝ ሰው እስካሁን አልመጣም።