ገና ሳይመጣ ያመለጠኝ አውሮፕላን

አውሮፕላን አምልጧችሁ ያውቃል? ያው ትራፊክ ምናምን ይዟችሁ፣ ስትደርሱ በሩ ተዘግቶ ማለቴ ነው።

እሱ ምንም አይደል።

እኔን ያመለጠኝ ገና ያልመጣ አውሮፕላን ነው።

አዎ፣ በትክክል ነው ያነበባችሁት። መነጽራችሁን አትወልውሉ።

ዛሬ ይህን የቀሰቀሰችው የልጅ ልጄ ናት። ነገ ከቦሌ ትበራለች። "በራሽ አወር እንዳትወጪ፣ ቆይ ፕላን ላውጣልሽ" ብዬ ወረቀት ሳነሳ እናቷ ከጓዳ ሆና "አባባን ብቻ ፕላን እንዳታስወጪ!" አለቻት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልጅቷ ታሪኩን አታውቅም ነበርና እዚያው እኔ በተቀመጥኩበት ነገሯት፤ ያውም እያጋነኑ!

ሌላ ሰው አበላሽቶ ከሚያወራው እኔው ራሴን ላዋርድ ብዬ ነው ይህችን ፖስት የምጽፈው።

ነገሩ የሆነው በስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ በጃንሆይ ዘመን ነው። ደባርቅ ውስጥ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት። የእጅ ሰዓት አለኝ። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ "አስተማሪ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?" ሲለኝ ክንዴን ዘርጋ አድርጌ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነግረው። አልዋሻችሁም፣ ደስ ይለኝ ነበር።

አባዬ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ገብስ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። ቀለምና ጥላ ያያሉ፤ ማን እንደመጣ የሚያውቁት ግን በድምፁ ነው። ማረሱ ቀርቶ ውለው የሚያመሹት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ነበር።

በዚህ መሐል አንድ የውጭ አገር ሐኪም አዲስ አበባ መጥቶ ሞራ እየገፈፈ ነው የሚል ወሬ ደረሰን። እዚያ ያለው አጎቴ አባዬን አስመዘገበና የሁለታችንን ቲኬት ላከልን። ቀጠሯቸው ጥር አስራ አራት። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ ይመለሳል። በአውቶቡስ ከጎንደር አዲስ አበባ ለመድረስ ያኔ ሦስት ቀን ይፈጃል፣ በጥምቀት ዕለት ደግሞ መንገድ አይወጣም፣ ስለዚህ ያለ አውሮፕላን አይሆንም።

የጎንደሩ አዘዞ ኤርፖርት። ጥር አስራ ሁለት። ከቀኑ ሰባት ሰዓት።

ይቺ በረራ ብትቀር የአባዬ ዓይን ቀረ ማለት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ስለዚህ ፕላን አወጣሁ።

ወረቀቱን በማስመሪያ አሰመርኩት። ከደባርቅ መነሻ ሁለት ሰዓት። ዳባት ሦስት። አምባ ጊዮርጊስ አራት ከሩብ። ጎንደር አምስት ተኩል። አዘዞ ስድስት። ጥምቀትን ለማየት ጎንደር የመጡት ፈረንጆች በዚያው ቀን ስለሚመለሱ ኤርፖርቱ ይጨናነቃል ብዬ ለወረፋ አንድ ሙሉ ሰዓት መደብኩ። ይህን ሁሉ ያሰበ ጭንቅላት ነው እንግዲህ።

የሚወስደን ጂፕ የአንድ ነጋዴ ነው፤ ሾፌሩ ጋሽ መንገሻ ይባላል። "ጎህ ሲቀድ እንውጣ" አለኝ።

"አይሆንም" አልኩት። ጎህ ሲቀድ ከብቱ ይወጣል፣ ከጥምቀት የሚመለሰው ሰው በበቅሎ በአህያ መንገዱን ይሞላዋል። እነሱን አሳልፈን ሁለት ሰዓት ላይ ብንነሳ መንገዱ የኛ ነው ብዬ አስረዳሁት። ራሽ አወር የሚባለውን ነገር ስሙን ሳልሰማ ደርሼበት ነበር ማለት ነው!

ጋሽ መንገሻ ጥርሱን በመፋቂያው መፋቁን ቀጠለ።

ለአባዬም ከመስመር እስከ መስመር አነበብኩላቸው። ሲያልቅ "ጥር አስራ ሁለት ነው ያልኸው?" አሉኝ።

"አዎ አባዬ። ቲኬቱ ላይ የፈረንጁ ቀን ነው ያለው፣ እኔ ነኝ ያሰላሁት። የጥምቀት ማግስት ነው። ታቦቱ ሁሉ በአስራ አንድ ገብቶ ያድራል፣ መንገዱ ባዶ ይሆናል።"

አባዬ ፈገግ አሉ። "ደግ" አሉ። ሌላ ነገር አልወጣቸውም።

እዚህ ጋ ከአንባቢዎቼ ግማሾቻችሁ ግንባራችሁን መታችኋል። ቆዩ፣ ገና ነው።

በቀኑ ልክ በሁለት ሰዓት ተነሳን። ብርዱ ቆንጥጦናል፣ እኔ ግን ሙቀት በሙቀት ሆኛለሁ። መንገዱ ባዶ! ጋሽ መንገሻን በክርኔ ጎሸም አድርጌ "አየህ?" አልኩት። ዳባት አፋፍ ላይ ስንደርስ ሦስት ሰዓት ከአምስት። "አምስት ደቂቃ ዘግይተናል፣ ትንሽ ንካት" አልኩ።

ኩርባውን ዞርን።

ጃንጥላ።

አንድ አይደለም፣ ብዙ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ዘርፉ ወርቅማ። ከስሩ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ለብሷል። ከበሮው ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል።

ሚካኤል!

ለማታውቁ ላስረዳ። ጥምቀት ላይ የወረዱት ታቦታት ጥር አስራ አንድ ቀን ይመለሳሉ። ሚካኤል ግን እዚያው ያድርና በማግስቱ፣ በራሱ በዓል፣ በአስራ ሁለት ይገባል። ይህን አፉን ያልፈታ ልጅ ያውቀዋል። ደግሞ አባዬ የሚካኤል ማኅበርተኛ ናቸው! በየወሩ በአስራ ሁለት የማኅበሩን ዳቦ እየገመጥኩ ነው ያደግኩት!

ታዲያ እንዴት ረሳሁት? የፈረንጁን ቀን በትክክል ማስላቴ በጣም ስላስደሰተኝ ሌላው ሁሉ ከራሴ ወጣ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት እስከ ዛሬ ፈልጌ አላገኘሁም።

ታቦት ተቀድሞ አይታለፍም። ሞተር ጠፍቶ፣ ተወርዶ፣ ከኋላ ይታጀባል። እኔ ግን ግራ ከመጋባቴ የተነሳ "ጋሽ መንገሻ፣ ጥቂት ጥሩንባ ብትነፋስ?" አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። "አንተ የተወለድኸው እዚህ አገር ነው?" አለኝ።

አባዬ ከጂፑ ወርደዋል። ጫማቸውን አውልቀው በአንድ እጃቸው ይዘዋል። ሮጬ ክንዳቸውን ልይዝ ስል "ተወኝ፣ አንተ ሰዓትህን ያዝ" አሉኝ። የማያውቁትን ሰው ትከሻ ተደግፈው ወደ ጃንጥላዎቹ ገቡ። ነጭ ከነጭ ጋር ተቀላቀለና ጠፉብኝ።

ሦስት ሰዓት ተኩል። አራት። ታቦቱ ሦስት እርምጃ ይሄድና ይቆማል። ሲቆም ይወረባል። ሲወረብ ሕዝቡ ያሸበሽባል። እኔ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ፕላኑን በእርሳስ ማረም ጀመርኩ። ከዳባት አምባ ጊዮርጊስ ሰባ አምስት ደቂቃ ብዬው የነበረውን ሃምሳ አደረግሁት። ትንሽ ቆይቼ ሰላሳ። በመጨረሻ ሃያ አደረግሁት። ወረቀቱ ላይ ጂፑ ከአውሮፕላኑ በልጦ ይበር ነበር።

አንዲት ትልቅ ሴት አዩኝና አዘኑልኝ። እፍኝ ቆሎ መዳፌ ላይ አድርገውልኝ "አይዞህ ልጄ፣ ይገባል" አሉኝ። እሳቸው የመሰላቸው ሚካኤል ሳይገባ ይቀራል ብዬ የተከዝኩ ነው።

አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ታቦቱ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ደብሩ ታጠፈ። አባዬ ሲመጡ ጋቢያቸው በላብ ርሷል፣ ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ ከእናቴ ሞት ወዲህ አይቼ አላውቅም። እኔ ግን የዚያን ጊዜ ፊታቸው አልታየኝም። "በሉ ቶሎ ይግቡ!" አልኳቸው። እንዲህ ብዬ መናገሬ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ጋሽ መንገሻ የቻለውን ያህል ነዳ። ጠጠር መንገድ ነው፣ ከዚያ በላይ አይቻልም። ጎንደር ስንገባ ሰባት ሰዓት ተኩል አልፏል።

"አበቃ" አልኩ። "አዙረው፣ ወደ ቤት እንመለስ።"

"ለምን ያዞረዋል?" አሉ አባዬ።

"ሰባት ሰዓት አልፏል እኮ አባዬ። ሄዷል።"

"ገና አላለፈም" አሉ።

"ማን?"

"አውሮፕላኑ ነዋ። ከአስመራ በኩል ሲመጣ በኛ ራስ ላይ አይደለም እንዴ የሚያልፍ? ደጃፍ ቁጭ ብዬ እሱን ስሰማ አይደል የምውል? ዛሬ ድምፁን አልሰማሁም።"

"አንቱ ደግሞ፣ ከከበሮ መሐል ሆነው እንዴት ይሰማሉ?"

"ግድ የለም፣ ደርሰን እንይ። አዘዞ ቅርብ ነው።"

ግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ሄዶ ማየት ነበር። እኔ ምን አልኩ? "አባዬ፣ ይኼ ሒሳብ ነው። ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሌላ ሰባት ሰዓት የለም" አልኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ሒሳቡ አይደለም። ያ ሁሉ ፈረንጅና ያ ሁሉ ሠራተኛ ፊት አርፍዶ የመጣ ባላገር ሆኜ መቆም አፍሬ ነው። አስተማሪ ነኛ!

ጂፑ ዞረ። ኮሶዬ የምትባለዋን መንደር አልፈን ትንሽ እንደሄድን አባዬ የጋሽ መንገሻን ትከሻ ነካ አደረጉ። "እስኪ ሞተሩን አጥፋው" አሉት።

አጠፋው። ነፋስ ብቻ።

እኔ ምንም አልሰማም። አባዬ አንገታቸውን ወደ ሰሜን፣ ወደ ስሜን ተራሮች አቅንተዋል። ከዚያ አንድ ነገር ዝዝዝ አለ። ቀጥሎ ጎላ። ክንፉ እያብለጨለጨ፣ ረጋ ብሎ፣ በደባርቅ በኩል መጥቶ በራሳችን ላይ አለፈና ወደ ጎንደር ወረደ።

"ይኸው" አሉ አባዬ።

ስምንት ሰዓት ከአርባ ነበር።

ጋሽ መንገሻ መሪውን እንደያዘ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። "አስተማሪ፣ አሁን ይኼ የሄደው ነው የመጣው?"

ግራ ገብቶኝ ሰዓቴን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ትሠራለች። ሰዓቷስ ደህና ናት።

"አዙረው!" አልኩት።

ለሦስተኛ ጊዜ በዚያው መንገድ! ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድነው ጋሽ መንገሻና ፈጣሪ ያውቃሉ። አዘዞ ስንደርስ አስር ሰዓት ሆኗል። ሜዳው ጭር ብሏል። አንድ ሠራተኛ ወንበር ይሰበስባል።

"የደባርቆቹ ናችሁ?" አለን። "ዛሬ እንደ ገበያ ነበር የዋለው። በበዓሉ ምክንያት ሁሉም አርፍዶ ነው የመጣ፣ አውሮፕላኑም አርፍዶ ነው የመጣ። ስማችሁን ሦስት ጊዜ ጠርተን፣ እስከ ዘጠኝ ተኩል ጠበቅናችሁ።"

ጠበቁን!

የደጁ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የማወጣው ንዴት ነበረኝ፣ በማን ላይ እንደማወጣው ግን ጠፍቶብኛል። በአባዬ ላይ አወጣሁት።

"የሚካኤል ቀን መሆኑን ያውቁ ነበር?"

"እንዴታ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?"

አባዬ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "ዓይኔን በስለት ሊነኩት አይደል? ማን ያውቃል፣ ያቺ የቀረችዋ ብርሃን ብትጠፋስ ብዬ ሰጋሁ። ሚካኤል ሲገባ አንዴ ልየው አልሁ። የጃንጥላውን ቀይ አይቸዋለሁ። ከረፋድ በኋላ መንገዱን ይለቃል ብዬ ነበር፣ ለቀቀ። አውሮፕላኑም በጥምቀት ሰሞን በሰዓቱ አልፎ አያውቅም፣ ይደርስልናል ብዬ ነበር። ይኸው ደርሶልን ነበር።"

አያችሁ? እሳቸውም ፕላን ነበራቸው። ያለ ወረቀት። አንዲት ደቂቃ አልተዛነፈችም።

"ይህን አስቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?" አልኩ።

አባዬ አልተቆጡም። "ልጄ" አሉ፣ "አነበብኽልኝ እንጂ መቼ ጠየቅኸኝ?"

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርን። በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ገባን። ሐኪሙ ዋዜማውን ሄዷል። ከዓመት በኋላ ሌላ ሐኪም የቀኝ ዓይናቸውን ገፈፈላቸው፣ በራ። ግራው ግን "ቆይቷል" ተባለ፣ እንደጨለመ ቀረ። አባዬ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሩ። ይህን ታሪክ ለሰው አንድም ቀን አላወሩም። ያወራው ጋሽ መንገሻ ነው፤ በየደረሰበት ከተማ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ አልቸኮልኩም እኮ! እኔ ተስፋ የቆረጥኩት ቀድሜ ነው። ለዚህ ተረት አላገኘሁለትም።

እናም ያን ቀን ያስቀረን ማን ነው እያልኩ ዕድሜ ልኬን ግራ እንደተጋባሁ አለሁ። ሚካኤል ነው? የአባዬ ዝምታ ነው? የበዓሉ ግርግር ነው?

ውሸቴን ነው። ግራ አልገባኝም። አውቀዋለሁ።

እስኪ እናንተ ደግሞ ንገሩኝ። "አለፈ" ብሎ፣ ግማሽ ሰዓት ሄዶ ማየት አፍሮ፣ ከደጁ የተመለሰ ሰው ከመሐላችሁ አለ? ካለ እባካችሁ ኮሜንት ላይ ይጻፍልኝ። ብቻዬን አታድርጉኝ።