ኤንፒ እና ፍሬን

የተማረ ሰው ስም ማሳጠር ይወዳል። እኔ ከአራተኛ ክፍል ጋር የተፋታሁ መካኒክ ነኝ፤ ይቺን ግን ደርሼባታለሁ።

የእህቴ ልጅ ሀያት ወልድያ ላይ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። አንድ ቀን መርሳ ጋራዤ መጥታ፣ ላፕቶፗን ጎማ ላይ ዘርግታ ፓይተን ትጽፋለች። ኮምፒውተር የሚታዘዝበት ቋንቋ ነው አሉ። ለመመረቂያዋ የወረዳችንን የሀብሩን ዝናብ ልታሰላበት ነው። ሌሎች ሠርተው ያስቀመጡትን የሂሳብ መሣሪያ እየጠራች ስሙን ታሳጥራለች። ነምፓይን ኤንፒ፣ ፓንዳስን ፒዲ።

ማን ነው እንዲህ በሉ ያለ? አልኳት። ማንም። ቢቀየር ኮምፒውተሩ ይቆጣል? አይቆጣም፤ ሽሮ ቢሉትም ይሠራል።

"ታዲያ ሽሮ በይዋ! የሰው አገር ስም ምን ያደርግልሻል?"

"ይሳቁ አጎቴ። እኔ በሌለሁበት ሌላ ሰው ቢከፍተው እንዲገባው ነው። ዓለም ሁሉ ኤንፒ ነው የሚለው።"

"አንቺ ደሞ የት ልትሄጂ ነው?" ብዬ ጋራዡን ሁሉ አሳቅኩባት።

ምን ላድርግ፣ አፌ ነው! እኔ ሰውን በመኪና ዕቃ ነው የምጠራ። ሁሴን፣ የወልድያ መርሳ ሚኒባስ ሾፌሩ ጓደኛዬ፣ ስልክ መነካካት ስለሚሰለቸው ስም የምሞላለት እኔ ነበርኩ። ሚስቱን ዘይነባን "ፍሬን" አልኳት፤ እሷን ሲያይ ቀጥ ስለሚል። ራሴን "ክላክስ"። እንዴት እንደሳቀ!

ከዚያ ሚኒባሱ ተገለበጠ። ሆስፒታል ያደረሱት ሰዎች ቤተሰቡን ፍለጋ ስልኩን ከፈቱ። ፍሬን፣ ክላክስ፣ ራዲያተር፣ ካምቢዮ። ይሄ ሁሉ የመለዋወጫ ነጋዴ ነው ብለው ተዉት። ሁሴን አንዴ ነቅቶ "ዘይነባን ጥሩልኝ" አለ አሉ። ቢፈልጉ ዘይነባ የሚባል የለም። ከዚያ ወዲያ አልነቃም።

ወሬው በተሳፋሪ አፍ ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ ለዘይነባ ደወልኩላት። ግራና ከተማ ገበያ ነበረች፤ ስልኳ በእጇ። ወልድያ ስትደርስ ፊቱን ሸፍነውታል። አላህ ይርሐመው።

እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ምን ብዬ? "ፍሬን ብዬሽ ነው" ልበላት?

ከለቅሶው ስመለስ ስልኬን ለሀያት ሰጠኋት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አትሉም? "ኤንፒ አድርጊልኝ" አልኳት። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጭ ብላ ሰውን ሁሉ በስሙ፣ ከነአባቱ ጻፈችልኝ።

ትናንት ስልኬ ጮኸ። "ከድጃ ይመር" ይላል። ከድጃ ደሞ የት የማውቃት ናት? የማላውቀውን አላነሳም፤ ተውኩት። አምስቴ ጮኸ፤ አምስቴ ተውኩት።

ማታ ቤት ስገባ ሚስቴ እሳት ሆና በር ላይ ጠበቀችኝ። ከተጋባን ጀምሮ ሞተር፣ ሞተር ስላት፣ ለካ የሰው ስም አላት!

ይኸው ስልኬ አሁን ለቀባሪዎቼ ግልጽ ነው። በቁሜ ግን ማን እንደሚደውልልኝ አላውቅም።