ማንንም የማያምኑት የጓያ ዶክተር

በየሰፈሩ አንድ ማንንም የማያምን ሰው አይጠፋም። ረዳቱን «ሰበታ ነው?» ብሎ ጠይቆ ታክሲ ከገባ በኋላ ሾፌሩን ደግሞ የሚጠይቅ፣ የዘጋውን በር ሦስቴ ተመልሶ የሚገፋ። ክብርት ዶክተር የወይንሐረግ ግን ይህን ሁሉ ያስንቃሉ። ሌላው የሚጠራጠረው ሰውን ነው፤ እሳቸው ራሳቸውንም አያምኑም።

ዶክተሯ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ባለ ቤተ ሙከራ ውስጥ የጓያን ዘረመል ሲመረምሩ ኖረዋል። ፍለጋቸው እግር የሚያሽመደምደው መርዝ የሌለበት ጓያ ነው። ለሙከራ የሚዘሩበት ቁራሽ ማሳ የሰጣቸው ደግሞ ከሰበታ ወጣ ብሎ የሚኖረው ገበሬ ዲሪርሳ ነበር።

ዲሪርሳም ቢሆን በሙሉ ልቡ አይደለም የሰጣቸው። በልጅነቱ፣ ዝናብ በቀረበት አንድ ዓመት፣ ወራት ሙሉ ጓያ ብቻ በልቶ አንድ ጠዋት ጉልበቱ አልታዘዝ አለው። ከዚያ ወዲህ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። በዚያ ላይ ሰበታ አካባቢ ሜትር ይዞ ማሳ የሚለካ ሰው ምን እንደሚያስከትል ያውቃል። «ዛሬ ጓያ፣ ነገ ኮንዶሚኒየም» ይላል ለሚስቱ ለሊቤ። አራት ዓመት ሙሉ በዓይነ ቁራኛ ጠበቃቸው።

እሳቸውም አላረፉም። ዘነበ ሲሏቸው «ስንቴ ለካችሁት?»፣ በቀለ ሲሏቸው «ማን ቆጠረው?»። አንድ ቀን ሊቤ ወተት አቀረበችላቸው።

«የዛሬ ነው?»

«የዛሬ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

ሊቤ ላሟን በጣቷ አሳየቻቸው።

ባለፈው ዓመት አዝመራው ከተወቃ በኋላ ዶክተሯ አንዱን ከረጢት ዘር ይዘው ሄዱ፤ ሁለተኛው ከሁለት ሳምንት በኋላ በሚኒባስ ተላከላቸው። የተላከው ሲመረመር መርዙ የለም ለማለት ትንሽ ቀረው። አለቃቸው አቶ ባርናባስ በደስታ ሰከሩ፤ ድንኳን ታዘዘ፣ ባነር ታተመ፣ የምሥራቹ የሚነገርበት ቀን ተቆረጠ። ወሬው ሰበታ ሲደርስ የዲሪርሳ ጎረቤት ታመነ ባዶ ጆንያ ይዞ ከተፍ አለ። «ኦቦ ዲሪርሳ፣ ዘሩን አካፍለን እንጂ! ዘንድሮ ሽሮው ከሱ ነው!»

በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ዶክተሯ ፊታቸውን አጨማደው መጡ። ውጤቱን አላምን ብለው እሳቸው የወሰዱትን የመጀመሪያውን ከረጢት ቢመረምሩት መርዙ እንዳለ ተገኝቷል።

«የላካችሁልኝን ከረጢት ማን ነካው?»

ዲሪርሳ ደሙ ፈላ። «ሌባ ነህ እያሉኝ ነው?»

«ማን ነካው ነው ያልኩት።»

«እኔ ነኝ» አለች ሊቤ ከጓዳ ብቅ ብላ። «አፈር ለብሶ ነበር። ሙሉ ቀን ዘፍዝፌ፣ ውኃውን እየደፋሁ አጥቤ፣ አድርቄ ላክሁት። ለዶክተር ቆሻሻ እህል ይላካል እንዴ?»

ዶክተሯ የቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ አሉ። መርዙን ያወጣው ውኃው ነው፤ ዘሩ ያው ዘር ነው። «ደግ አደረግሽ» አሏት። ከልባቸው ይሁን በሽሙጥ፣ ዲሪርሳ አልገባውም።

በበዓሉ ቀን ዲሪርሳና ሊቤ ማሳው አጠገብ በተተከለው ድንኳን ከፊት ረድፍ ተቀመጡ። አቶ ባርናባስ ዶክተሯ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብለው ሲያንሾካሹኩ ዲሪርሳ ሰማቸው፤ «ዛሬ ይለፍና በኋላ ቀስ ብለን እናርመዋለን። በጀቱን አስቢ እንጂ!» ሊቤ አሁን የእኔን ስም ይጠሩታል ብላ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። ዲሪርሳም ምርኩዙን ጨበጠ።

ዶክተሯ ድምፅ ማጉያውን ያዙ። «ዘሩ መርዝ አለበት። እንዳትበሉት፤ ለልጆቻችሁም እንዳትሰጡ። ከረጢቱን ትቼ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ስሕተቱ የእኔ ነው።»

ሌላ አልጨመሩም። ጭብጨባ የለም፤ አቶ ባርናባስ ባነሩን ሳያስወርዱ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ታመነ «ሴትዮዋ የደበቀችው ነገር አለ» ማለት ሲጀምር ዲሪርሳ ዞር ብሎ አየው። «አንተ! ሽሮውን በልተኸው ቢሆን ዛሬ እንደኔ ነበር የምትሄደው።»

ዶክተሯን የሚወስድ መኪና አልተገኘም። ዲሪርሳ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኛቸው፤ እንግዳን እዚያ ድረስ ሸኝቶ አያውቅም።

«ይመለሱ፣ ይደክምዎታል» አሉት መንገድ ላይ።

«ይድከመኝ።»

ሚኒባሱ ሲቆም አንድ እግራቸውን አስገብተው ዞሩ። «በጀቱን መከልከላቸው አይቀርም። በመስከረም ብቻዬን ብመጣ ያችን ማሳ ይሰጡኛል?»

«ሁለት ማሳ ውሰጂ፣ እህቴ» አላት።

አንቱታውን መጣሉን ያወቀው ሚኒባሱ ከሄደ በኋላ ነው።